ከቦራ ጆሮ የተወሰደ ደም

በአሶሳ የመጀመሪያዋ የሥራ ቀኔ ያለፈችው ሣጥን ስከፍት ነው። ከምሠራበት ኮሌጅ የተላኩት የእንጨት ሣጥኖች በጭነት መኪና ቀድመውኝ ደርሰው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ነበር። ማይክሮስኮፖቹ በጭድ ተጠቅልለው ደህና መጥተዋል። ስላይድ ላይ የሚከደኑትን ስስ መስታወቶች ግን መንገዱ አድቅቋቸው ነበር፤ ሣጥኑን ሳዘነብለው እንደ ስኳር ይንሿሿሉ።

መምህር ግርማቸው ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ሌክቸረርና የክረምቱ ትምህርት ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው።

«የተሰበረው ተሰብሯል» አሉኝ። «በተረፈው እስከ መቼ እንደምንሠራ ንገሪኝ።»

«ተማሪዎቹ ካልሰበሩት ክረምቱን ያደርሰናል።»

«ይሰብራሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሰብሬያለሁ። እያጠብሽ ደግመሽ ታወጪዋለሽ።»

ማዕረጌ ጀማሪ የላቦራቶሪ ረዳት ነበር። ከእኔ በላይ ቴክኒሽያን አለ፤ ከእሱ በላይ ረዳት መምህር፣ ከዚያ ሌክቸረር። ወደ አሶሳ መምጣት የነበረበት ቴክኒሽያኑ ነበር። ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ እኔ ተተካሁ። ሥራዬ ከክፍል በፊት ዕቃ ማሰናዳት፣ በክፍል ሰዓት በጠረጴዛዎቹ መሃል እየዞርኩ መርዳት፣ ከክፍል በኋላ ማጠብና መቁለፍ ነው።

ተማሪዎቹ ራሳቸው መምህራን ነበሩ። በጋውን በየገጠሩ ሲያስተምሩ ከርመው፣ ክረምት ሲገባ ለዲፕሎማ ይማራሉ። ጠቅላላ ባዮሎጂ ከነላቦራቶሪው አንዱ ኮርስ ነው። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። አንዳንዶቹ አባቴ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ስለዚህ እንዴት እንደምጠራቸው ቸገረኝና ሁሉንም «መምህር» አልኩ። እነሱ «እህት የሺ» አሉኝ። በዚያው ጸናን።

የመጀመሪያው ችግር ብርሃን ሆነ። የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ሲመሽ ነው። የእኛ ማይክሮስኮፖች ደግሞ ከግርጌያቸው ክብ መስታወት ያላቸው፣ የቀን ብርሃን ተቀብለው ወደ ላይ የሚመልሱ ናቸው። ከመስኮት ዳር ካልሆነ አይሠሩም። የጊዜ ሰሌዳው ጠዋት ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ይላል። የአሶሳ ሐምሌ ግን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ግጣም ይደፋል። ሁለት ቀን በጨለማ ከታገልን በኋላ ወደ መምህር ግርማቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይገለበጥ» አልኳቸው። «ላቦራቶሪው ጠዋት ይሁን።»

ትንሽ አሰቡ። «ንድፈ ሐሳብ በጨለማም ይሰጣል» አሉና ሰሌዳውን በእርሳስ ሰርዘው አስተካከሉት።

የሽንኩርቱ ቀን አይረሳኝም። የሽንኩርት ውስጠኛ ቆዳ በወረንጦ ይላጣል፣ ስላይድ ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ይደረግበታል፣ ይከደናል። በባዮሎጂ ትምህርት ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ከባምባሲ የመጣችው መምህርት ዲንሴ ስላይዷን አዘጋጅታ ዓይኗን ከሌንሱ አስጠጋች። ብዙ ቆየች። ዓይኗን ሳታነሳ፣

«እህት የሺ፣ ይሄ ሕዋስ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሕዋስ ነው። ውስጡ ያለችው ጠቆር ያለች ነጥብ ኑክሊየስ ናት።»

«እኔ እኮ ክብ አድርጌ ነበር የምስለው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ክብ ሳልኩ። ይሄ እንደ ጡብ ግንብ ነው።»

ከዚያ ተነስታ ጎረቤቷን ጠራች፤ ያም ሌላውን ጠራ። ያን ቀን ስላይድ የሰበረ አልነበረም።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ጸጥተኛው አጣሂር ነው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ያስተምራል። አማርኛውን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው፤ ሲናገር ቃል ይመርጣል። ሥዕሉ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ያየውን ብቻ ይስላል። ሌሎቹ መጽሐፉ ላይ ያለውን ገልብጠው ሲያመጡ፣ እሱ ስላይዱ ላይ የነበረችውን የአየር አረፋ ሳይቀር ስሎ ያመጣል። መምህር ግርማቸው ለአረፋዋ ሙሉ ነጥብ ሰጡት።

የፕሮቶዞዋ ሳምንት ሲደርስ ከኩሬ ውሃ ቀድተን አንድ ሕዋስ ያላቸውን እንስሳት ማሳየት ጀመርን። በሁለተኛው ቀን አጣሂር ቀረ። ቀርቶ አያውቅም። በማግስቱ አርፍዶ ገባና መቀመጫው አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ መምህር ግርማቸው ሄዶ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከትምህርት ውጭ ነው።»

«ጠይቀኝ።»

«ዓሣ የሚያሰክር የዛፍ ፍሬ አለ። ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ይሰክራል፣ ይንሳፈፋል፣ ይለቀማል። እሱ በሬ ይገድላል?»

ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳ። በሰፈሩ አቅራቢያ አንድ የሰፈራ መንደር አለ። እነዚያን መንደሮች አምባ እንላቸው ነበር። ከወሎ በድርቁ ምክንያት የመጡ ገበሬዎች ናቸው የሰፈሩበት። የአምባው ማኅበር በሬዎች መሞት ከጀመሩ ሰንብቷል። የአጣሂር አጎት ኸሚስ ደግሞ በሬዎቹ ከሚጠጡበት ወንዝ ላይ ፍሬ ወቅጦ ሲበትን ታየ። በሬዎቹን መረዘ ተብሎ ተያዘ። አሁን በአምባው የእህል መጋዘን ውስጥ ሚሊሺያ ይጠብቀዋል። ወደ አውራጃው ሊላክ ነው።

«በምን ክስ?» አሉ መምህር ግርማቸው።

«በአሻጥር።»

በዚያ በደርግ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ከባድ ነበር። በዚያ ስም ተይዞ ወደ ላይ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

«ፍሬው የሚይዘው የዓሣውን መተንፈሻ ነው» አሉ መምህር ግርማቸው ቀስ ብለው። «በሚፈስ ውሃ ቀጥኖ በሬ የሚጥል አይመስለኝም። ግን አይመስለኝም ብዬ ሰው ላስፈታ አልችልም። በሬዎቹ እንዴት ነው የሚሞቱት? ባንድ ጊዜ ነው?»

«አይደለም። ይበላሉ፤ ግን ይከሳሉ። ፀጉራቸው ይቆማል። ዓይናቸው ያለቅሳል። ቆይተው ይወድቃሉ።»

ዲንሴ ከኋላ ተናገረች። «እኛ ዘንድ ገንዲ የሚባለው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቆላ ወርዶ የከረመ ከብት ይይዘዋል።»

መምህር ግርማቸው ወደ እኔ ዞሩ። ገንዲን የሚያመጣው ራሱ ፕሮቶዞዋ ነው። የቆላ ዝንብ ከአንዱ ከብት ደም ወደ ሌላው ታስተላልፈዋለች። በመማሪያ መጽሐፋችን ሥዕሉ ነበረ፤ ስላይዱ ግን ሣጥናችን ውስጥ አልነበረም።

«ሕያው ደም ላይ በእኛ ማይክሮስኮፕ ይታያል?» አሉኝ።

«ካለ ይታያል፤ ሲንቀሳቀስ። ግን ደሙ ወዲያው መታየት አለበት። እዚህ እስኪደርስ ይረጋል።»

«እንግዲያው ማይክሮስኮፑ ይሄዳል።»

የአምባው ኃላፊ ጓድ ታደለ ይባሉ ነበር። መምህር ግርማቸው አስቀድመው ሄደው አነጋገሯቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ጓድ ታደለ ደስ ብሏቸው ነው የፈቀዱት፤ «ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር፤ መርዙን አግኙልኝ» ብለዋቸው። መምህር ግርማቸውም «የምናገኘውን እናያለን» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት የአምባው ትራክተር ነዳጅ ሊቀዳ ከተማ ስለመጣ፣ በተሳቢው ላይ ተጭነን ሄድን። ማይክሮስኮፑን ከነሣጥኑ ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ቀና ብዬ ከፍ አደርገዋለሁ፤ አጣሂር ደግሞ ክርኔን ይደግፋል። ዲንሴና ሌሎች ጥቂት ተማሪዎች አብረውን ነበሩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሽመሉ፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ዝናቡን ጠጥቶ ጎንበስ ብሏል።

አምባው በገመድ የተለካ ይመስላል። የሣር ጎጆዎቹ በተርታ ናቸው፤ መሃል ላይ ቆርቆሮ የለበሱት ጽሕፈት ቤት፣ ክሊኒክና መጋዘን አሉ። ጓድ ታደለ በር ላይ ተቀበሉን። ካኪ የለበሱ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው። ከጎናቸው የበሬዎቹ ኃላፊ ይመር ቆሟል። ወሎዬ ነው። ፊቱ ተቆጥቷል።

«ይሄ ነው ያየው» አሉ ጓድ ታደለ። «ሰውየው ወንዝ ውስጥ መርዝ ሲበትን በዓይኑ ያየ።»

«አይቻለሁ» አለ ይመር። ወደ አጣሂር አላየም። «ወላሂ አይቻለሁ። ውሃው ነጭ አረፋ ሆነ። ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ተንሳፈፈ። ከዚያ በሬዎቼ ጠጡ።»

«ከዚያ በፊት የታመመ በሬ አልነበረም?» አሉ መምህር ግርማቸው።

ይመር ወደ ጓድ ታደለ አየ።

ማይክሮስኮፑን ክሊኒኩ ውስጥ፣ መስኮት ዳር ባለች ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ሥራው ይህ ነው፦ የበሬው ጆሮ ላይ ካለችው ቀጭን ደም ሥር በመርፌ አንድ ጠብታ ይወሰዳል፣ ስላይድ ላይ ይደረጋል፣ ይከደናል፣ ወዲያው ይታያል። መጀመሪያ በዝቅተኛው ሌንስ፣ ቀጥሎ በከፍተኛው።

መጀመሪያ ያመጡልን ጠዋት ከሞተው በሬ የተወሰደ ደም ነው። ረግቷል። እያንዳንዱን የስላይዱን ጥግ አየሁ። ምንም የለም።

«አልታየም» አልኩ።

ሁለተኛው በቁሙ ያለ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ ነበር። ከሱም አየሁ። መምህር ግርማቸውም ተቀምጠው ደግመው አዩ። ቀይ የደም ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሳስተዋል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ጓድ ታደለ ክንዳቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። «እንግዲህ በሽታ አይደለም ማለት ነው» አሉ።

«እንደሱ አላልንም» አሉ መምህር ግርማቸው። «በዚህ ጠብታ ውስጥ አላየንም ነው ያልነው። ይህ በሽታ በቆየ ከብት ደም ውስጥ ይመናመናል። አንዳንድ ቀን ይታያል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል።»

«መምህር፣ እኔ እንደናንተ ጊዜ የለኝም። መኪናው ከሰዓት በፊት ይንቀሳቀሳል። ሰውየው አብሮ ይሄዳል።»

አጣሂር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በመስኮቱ ውጭ የቆመውን መኪና ያያል።

መምህር ግርማቸው ወደ ይመር ሄዱ። ድምፃቸው ከተለመደው የበለጠ ዝቅ አለ። «አቶ ይመር፣ ከብቶቹን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰሞኑን ትኩሳት የጀመረው የትኛው ነው? የቆየው አይደለም፤ አዲሱ።»

ይመር መሬት መሬት አየ። ያኔ ለምን እንደሚፈራ አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። በሬዎቹ የማኅበሩ ናቸው። መርዝ ካልሆነ፣ የጠባቂ ቸልተኝነት ነው ሊባል ይችላል። የኸሚስ ጥፋት ካልሆነ የእሱ ይሆናል። በእጁ ላይ የሞቱት ብዙ ናቸው።

«ቦራ ነው» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ነው የጀመረው። እንዳይነካብኝ ብዬ ደብቄው ነበር።»

ሄዶ አመጣው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ በሬ ነው፤ ገና ሥጋው አልወረደም። ዓይኑ ግን እንባ ያዘነባል። ይመር አንገቱን አቀፈው፣ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ያዘልኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ አይወጋሽም» አለኝ። «እኔ ካለሁ አይንቀሳቀስም።»

እውነትም አልተንቀሳቀሰም። ጠብታዋን ወሰድኩ፣ ከደንኳት፣ እየሮጥኩ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ዓይኔን ሳስጠጋ ግን ሌንሱ ውስጥ ግራጫ ጨለማ ብቻ ነው። ቀና ስል ሰማዩ ተደፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

«ብርሃን የለም» አልኩ።

«ማሾ እናምጣ?» አለች ዲንሴ። ማሾ ተለኮሰ። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፤ አልበቃም። ደሙ እየደረቀ ነው።

አጣሂር ነው መስኮቱን ያሳየው። ውጭ ኸሚስን ሊወስድ የተዘጋጀው ላንድሮቨር ቆሟል። «የመኪና መብራት» አለ።

መምህር ግርማቸው ጓድ ታደለን አዩ። ጓድ ታደለ ትንሽ አመነቱና ሾፌሩን ጠሩ። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ አፍንጫውን ከመስኮቱ ትይዩ አደረገ፣ መብራቱን አበራ። የማይክሮስኮፑን መስታወት አዘነበልኩት። ሌንሱ ውስጥ ያለው ክብ ባንዴ ነጭ ሆነ።

ቀይ ሕዋሳቱ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ጸጥ ያሉ መሰሉኝ። ከዚያ በአንድ ጥግ፣ ሕዋሳቱ ሰው እንደሚጋፋቸው ግራና ቀኝ ሲገፈተሩ አየሁ። ስላይዱን ቀስ ብዬ ወደዚያ ሳብኩት። ቀጭን ነገር፣ እንደ ጅራፍ የሚገረፍ፣ በሕዋሳቱ መሃል እየተሹለከለከ ይሄዳል። ሌላም አለ። ሌላም።

አልጮህኩም። ተነሳሁና «ጋሼ፣ ይዩት» አልኩ።

መምህር ግርማቸው ተቀምጠው አዩ። ብዙም አልቆዩም። ተነስተው ወንበሩን ወደ ጓድ ታደለ ገፋ አደረጉላቸው።

«እርስዎ ይዩ።»

«እናንተ ካያችሁ ይበቃል፤ ንገሩኝ።»

«ብነግርዎ የእኔ ቃል ነው። አንዱ ተማሪዬ የእስረኛው ዘመድ ነው። ስለዚህ ራስዎ ቢያዩ ይሻላል።»

ጓድ ታደለ ተቀመጡ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ።

«ጥቁር ነገር አለ» አሉ። «እንደ እሾህ። ብዙ ነው።»

«ሽፋሽፍትዎ ነው፣ ጓድ» አልኳቸው። የመጀመሪያ ቀን ተማሪ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። «ትንሽ ራቅ ይበሉ። ሁለቱንም ዓይን ይክፈቱ። አሁን ይህችን ብሎን በጣትዎ በጣም በቀስታ ያዙሩ።»

«ጠፋብኝ።»

«ይመለሳል። ወደ ኋላ ያዙሯት።»

ብዙ ቆየን። ውጭ የመኪናው ሞተር ይሠራል። ሚሊሺያው ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ ምን እንደሚሆን ያያል። እኔ ከጓድ ታደለ አጠገብ ተንበርክኬ፣ በሽንኩርቱ ቀን ለተማሪዎቹ የነገርኳቸውን ሁሉ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ተናደው ሊነሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመለሱ።

ከዚያ ትከሻቸው ጸጥ አለ።

«ይሄ ዓሣ የመሰለው ምንድን ነው?» አሉ። «ይሄ የሚንፈራገጠው?»

«እሱ ነው ገንዲ» አሉ መምህር ግርማቸው። «ወንዙ ዳር ካለው ጫካ ዝንብ ነው ያመጣው። ሰው ወቅጦ የሚጨምረው ነገር አይደለም።»

ጓድ ታደለ ዓይናቸውን አላነሱም። ሌላ ያን ያህል ጊዜ አዩ። ሲነሱ ወንበሩን ለይመር ለቀቁለት። ይመርም ተቀመጠ፤ እሱ በቶሎ ነው ያየው። ከሌንሱ ሲነሳ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«ይቺ ናት?» አለ። «ይቺን የምታክለው ናት ያንን ሁሉ በሬ የጣለችው?»

ቆይቶ ወደ ጓድ ታደለ ዞረ። «እኔ ነኝ ወንዝ ዳር ያሰማራኋቸው» አለ። «የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።»

ጓድ ታደለ መስኮቱን ያያሉ። «ሌላ የት ሣር ነበረ?» አሉ። «እዚያ ይሰማሩ ብዬ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነበር በዚያ ዘመን ከኃላፊ አፍ የማይወጣውን ነገር የሰማሁት። አሁንም ድረስ ሰውየውን በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው የማስታውሳቸው።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም። «አሻጥር ነው ብዬ ለበላይ አካል በሬዲዮ ተናግሬያለሁ» አሉ ለመምህር ግርማቸው። «አሁን ምን ልበል?»

«በሽታ ነው ይበሉ። አሻጥር ነው ካሉ መርማሪ ይልኩልዎታል። በሽታ ነው ካሉ መድኃኒት ይልኩልዎታል። የትኛው እንደሚያስፈልግዎ እርስዎ ያውቃሉ።»

ጓድ ታደለ ወደ ሾፌሩ ወጡና ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገሩት። ከዚያ ለሚሊሺያው፣ «ሰውየውን ልቀቀው፤ ለጥያቄ ነበር የተፈለገው» አሉት። ይቅርታ የሚል ቃል አልተነገረም።

ኸሚስ ከመጋዘኑ ወጣ። ሽበታም፣ አጭር ሰው ነው። ጀለቢያው ላይ የማሽላ ገለባ ተጣብቋል። አጣሂር ሮጦ ሄዶ በበርታ ቋንቋ አነጋገረውና ክንዱን ይዞ ወደ ክሊኒኩ አመጣው።

«አጎቴ፣ ና እይ። ይኸው እዚህ አለ።»

ኸሚስ ማይክሮስኮፑን አየ፤ አልተጠጋም። በአማርኛ ነው የመለሰው፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

«እኔ ማየት ለምን? እኔ አውቃለሁ፣ አላደረግሁም። የማያውቅ ሰው ይየው።»

ለሁላችንም ሰላምታ ሰጠ፣ ለጓድ ታደለም ጭምር፤ ከዚያ በዝናቡ ውስጥ በእግሩ ወደ ቀበሌው ሄደ። አጣሂር እንዲሸኘው መምህር ግርማቸው ፈቀዱለት።

የገንዲው መርፌ ዘግይቶ መጣ። ለቦራ አልደረሰለትም፤ ሞተ። የተረፉት በሬዎች ተወጉ፣ ከወንዙም እንዲርቁ ተደረገ። ይህን የነገረን ይመር ራሱ ነው፤ ገበያ ሲመጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለና በር ላይ ቆሞ።

«የቦራ ደም አለሽ አሉኝ» አለኝ።

አለኝ አልኩት። ከዚያች ጠብታ ቀጥሎ ሌላ ጠብታ አስቀርቼ፣ አድርቄ በቀለም አስይዤው ነበር። አወጣሁለት። እጁ ላይ ያዛት፤ ሐምራዊ እድፍ ብቻ ነው የሚታየው። ማይክሮስኮፕ ላይ ላድርግልህ ስለው «አይ፣ ያኔ አይቻታለሁ» አለኝ። ስላይዷን መልሶ ሰጠኝና ሄደ።

ይመርና ኸሚስ ወዳጅ ሆኑ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆኑም። አጣሂር እንደነገረኝ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። ኸሚስ ዓሣውን ወደ ላይኛው ወንዝ ሄዶ ማስገር ጀመረ፤ ፍሬውንም ሰው በሌለበት መውቀጥ ተወ። «ሰው እያየኝ ነው የምወቅጠው» ይል ነበር አሉ።

በነሐሴ መጨረሻ የተግባር ፈተና ሆነ። ስላይዶች በየጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው እየዞረ ያያል፣ ስም ይጽፋል፣ ይስላል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የቦራን ደም አደረግሁ። አጣሂር ከዚያ ጠረጴዛ ሲደርስ ከሌሎቹ ይልቅ አልቆየም፣ አልፈጠነምም። ያየውን ሳለ። የቀለም ቅሪት አንድ ጥግ ላይ ነበረች፤ እሷንም ሳላት።

በሚቀጥለው ክረምት ወደ አሶሳ ስመለስ ማዕረጌ ከፍ ብሎ ቴክኒሽያን ሆኜ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ። መብራት ያላቸው ማይክሮስኮፖች መጡ፤ ደመና መፍራት ቀረ። መምህር ግርማቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔም ተራዬ ደርሶ ወጣሁ። ዲንሴ ዲፕሎማዋን ይዛ ባምባሲ ውስጥ ርዕሰ መምህርት እስከ መሆን ደረሰች። አጣሂር ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ማስተማሩን ቀጠለ።

አሁን በላቦራቶሪ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ምን ይጠቅመናል ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ተማሪ «አይታየኝም» ሲል እኛ ያየነውን ልንነግረው እንቸኩላለን፤ ሰዓቱ አልቋል፣ ሌላ ክፍል ውጭ ቆሟል። አትንገሩት። ወንበሩን ልቀቁለት፣ ብርሃኑን አስተካክሉለት፣ ራሱ እስኪያይ ጠብቁት። ጊዜ ይወስዳል። የእኛ ሥራ ያንን ጊዜ መስጠት ነው።